አንዱ በፌብሩዋሪ፣ ሌላዋ በሜይ፦ የጃፓን አለርጂ ለምን እንደየሰው ይለያያል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ጃፓን ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እስካሁን ደህና ነበርኩ። ዘንድሮ ግን ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ አፍንጫዬ ውሃ ብቻ ሆኗል። ዓይኔን ያሳክከኛል፤ ማስነጠስ ከጀመርኩ አላቆምም። የሥራ ባልደረቦቼን ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነገረኝ። አንዱ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል መከራውን ያያል። የሳፖሮዋ ልጅ የሚነሳባት ሜይ ላይ ነው፤ ፖም ስትበላም አፏን ያሳክካታል። ከኦኪናዋ የመጣው ልጅ ቶኪዮ እስኪገባ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር። አንዷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ታስነጥሳለች። ሰባ ያለፋቸው የሕንፃው ጥበቃ ግን ማስክ እንኳ አያደርጉም። አንድ ሕዝብ ሆነው እንዴት እንዲህ ይለያያሉ? የኔስ የማንኛቸው ዓይነት ነው? ሳይነስ ይሆን? አገሬ ብገባ ይተወኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። መጀመሪያ አንቺን ያስጨነቀሽን ላንሳ። ሳይነስ አይመስለኝም። እኛ አበሾች አፍንጫ አካባቢ የሚሰማንን ሁሉ ሳይነስ ብለን እንገላገላለን። እውነተኛው ሳይነስ ሲሆን ፊት ይከብዳል፣ ጉንጭና ግንባር ያማል፣ ንፍጡ ይወፍርና ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል፣ ማሽተት ያቅታል፤ አንዳንዴ ትኩሳትም አለው። አንቺ የጻፍሽው ሌላ ነው። ቀጭን ንጹህ ፈሳሽ፣ የዓይን ማሳከክ፣ ተከታታይ ማስነጠስ፣ ያውም ቶኪዮ ውስጥ በፌብሩዋሪ መጨረሻ። በአካል ሳላይሽ አልደመድምም። ግን ጥርጣሬዬ ጠንካራ ነው፦ የሱጊ ዛፍ የአበባ ብናኝ ነው። ጃፓኖች ካፉንሾ የሚሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። «ጃፓኖች አለርጂ አለባቸው» የሚለው አባባል ለሐኪም ብዙም አይጠቅምም። የትኛው ጃፓናዊ? የት ያደገ? መቼ የተወለደ? ምን ዓይነት ቤት ውስጥ የሚተኛ? በእርግጥ ዘር የራሱ ድርሻ አለው። ወላጆቹ አለርጂ ያለባቸው ሰው የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሰውነት ግን ያላገኘውን ነገር ሊቃወም አይችልም። ብናኙን ደጋግሞ ሲያገኝ ነው አይጂኢ የሚባለውን አንቲቦዲ እያመረተ የሚያከማቸው። አይጂኢው አፍንጫና ዓይን ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። በሚቀጥለው ወቅት ብናኙ ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። ማሳከኩም፣ ማስነጠሱም፣ ውሃውም ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ከውጭ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት «እኔን አይነካኝም» ብሎ የሚያልፈው። ጥቂት ጸደይ ካሳለፈ በኋላ ተራው ይደርሰዋል። አንቺም የደረሰብሽ ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ የባልደረቦችሽ ልዩነት አብዛኛው በጫካ፣ በዕድሜና በቤት ይፈታል። ሁሉንም እኩል አላብራራም። ሱጊው ላይ ቆየት እላለሁ፤ የጃፓን ዋናው ጣጣ እሱ ነውና። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ እዚያው በምትጠቀሚበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሱጊ ከጽድ ወገን የሆነ ዛፍ ነው። አገር ቤት የምናውቃቸው ጽድና የፈረንጅ ጽድ ዘመዶቹ ናቸው። ቀጥ ብሎ ይበቅላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ እንጨቱ ለቤት ሥራ ይመቻል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ተራሮች በብዙ ቦታ ተራቁተው ነበር። ለጦርነቱና ለማገዶ ተጨፍጭፈዋል። የተቃጠሉትን ከተሞች መልሶ ለመሥራትም እንጨት ያስፈልግ ነበር። መንግሥት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሱጊንና ሂኖኪ የሚባለውን ሌላ ዛፍ በዘመቻ አስተከለ። ከዚያ ርካሽ እንጨት ከውጭ እንደ ልብ መግባት ጀመረ። የአገር ውስጡ ዛፍ ቆራጭ አጣ፤ እዚያው ቆሞ አረጀ። ሱጊ ደግሞ ብናኙን በብዛት የሚያመርተው ሠላሳ ዓመት ገደማ ከሞላው በኋላ ነው። ዛሬ በሰው እጅ የተተከለው የሱጊ ጫካ ብቻውን 4.4 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። የዛሬው ጎልማሳ የሚያስነጥሰው አያቱ በተከሉት ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፌብሩዋሪ ላይ ከከተማ ወጣ ብለሽ የሱጊ ቅርንጫፍ ጠጋ ብለሽ እዪ። ጫፍ ጫፉ ወደ ቡናማ ዞሯል። እያንዳንዳቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሱ ሞላላ ነገሮች ተጠጋግተው ተንጠልጥለዋል። ወንዴ አበቦቹ እነሱ ናቸው። በእያንዳንዷ ውስጥ ያለው ብናኝ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ቅርንጫፉን ነካ ስታደርጊው ቢጫው ቡን ብሎ ይወጣል። ሞቅ ባለና ነፋስ ባለው ቀን ጫካው በሙሉ እንዲህ ሲሆን ከሩቅ የሚያይ ሰው እሳት የተነሳ ይመስለዋል። ብናኙ በነፋስ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ቶኪዮ ላይ የሚወርደው በስተምዕራብ ካሉት ከኦኩታማና ከቺቺቡ ተራሮች ጭምር ነው። ብናኝ በበዛበት ጠዋት የቆመ መኪና እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

አበቦቹ የሚፈጠሩት ባለፈው ሰመር ነው። ሰመሩ ሞቃትና ፀሐያማ ከነበረ አበባው ይበዛል፤ ቀዝቃዛና ዝናባማ ከነበረ ያንሳል። ስለዚህ የትንበያ ባለሙያዎቹ ገና ከወራት በፊት «የሚመጣው ጸደይ ከባድ ነው» ማለት ይችላሉ። በግምት ብቻ እንዳይመስልሽ። ቶኪዮ ውስጥ ቅባት የተቀባ መስታወት ውጭ ያስቀምጡና በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ብናኝ እንዳረፈበት በማይክሮስኮፕ ይቆጥራሉ። ለሁለት ተከታታይ ቀናት አንድና ከዚያ በላይ ከተቆጠረ ወቅቱ ገባ ይባላል። በቀን ከ50 ካለፈ «እጅግ ብዙ» ነው። እኔ ለሕሙማን የምለው ቀላል ነው። የጃፓንን የአየር ትንበያ ስታዪ ዝናቡን ብቻ አትዪ፤ የብናኙን ምልክትም እዪ።

በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የቀረበው በ1964 ነው። ቦታው ከቶኪዮ በስተሰሜን ያለችው ኒኮ ከተማ ነች። የሚገርመው፣ ኒኮ ውስጥ ሱጊ አዲስ ነገር አልነበረም። 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ዝነኛው የሱጊ ጎዳና የተተከለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰዎቹ ለሦስት መቶ ዓመታት ከዛፉ ጋር ኖረዋል። ታዲያ በሽታው ለምን ያኔ ጎልቶ ወጣ? በ1980ዎቹ እዚያው አካባቢ የተደረገ ጥናት ፍንጭ ሰጠ። ሱጊ ባለበትና መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ከሚኖሩት 13 በመቶ ገደማ የሱጊ አለርጂ ነበረባቸው። መኪና በማይበዛበት የሱጊ ጫካ አጠገብ ከሚኖሩት ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ። ብናኙ ያው ነው፤ የተጨመረው የመኪና ጭስ ነው። በተለይ የናፍጣ ጭስ የአይጂኢ ምርትን እንደሚያባብስ በላቦራቶሪ ታይቷል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉ እኩል ግልጽ ውጤት አላገኙም፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ያም ሆኖ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ይመስለኛል። ሁሉም ጣቱን ዛፉ ላይ ይቀስራል። አስፋልት ላይ ያረፈ ብናኝ መኪና ባለፈ ቁጥር ተመልሶ ይነሳል፤ አፈር ላይ ያረፈው ግን እዚያው ይቀራል። ከተሜው በሁለቱም በኩል ነው የሚመታው።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የጃፓን የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች ራሳቸውንና ቤተሰቦቻቸውን በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይጠይቃሉ። የሐኪም ቤተሰብ መላውን ሕዝብ አይወክልም ትዪ ይሆናል፤ ልክ ነሽ። ግን ተመሳሳይ ሰዎች፣ በተመሳሳይ ጥያቄ፣ በተለያየ ጊዜ ስለተጠየቁ ለውጡን ለማየት ይበቃል። የሱጊ አለርጂ ያለባቸው በ1998 ከመቶ 16.2 ነበሩ። በ2008 ወደ 26.5 ወጣ። በ2019 ደግሞ 38.8 ደረሰ። በሃያ ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ዘር አልተቀየረም። የተቀየረው አካባቢው ነው፤ አኗኗሩም።

የጥበቃችሁ ነገርም እዚሁ ቁጥር ውስጥ አለ። በ2019ኙ ውጤት ከሃያዎቹ እስከ ሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉት ከመቶ 45 እስከ 48 ገደማ የሱጊ አለርጂ ነበረባቸው። ስድሳዎቹ ውስጥ ወደ 37 ይወርዳል። ሰባና ከዚያ በላይ የሆኑት ጋ 20 ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት በዕድሜ ብዛት የአለርጂው ምላሽ መድከሙ ነው። ሌላው የትውልድ ጉዳይ ነው። ሽማግሌው ልጅ ሳሉ የዘመቻው ችግኞች ገና መሬት ላይ ነበሩ። ሰውነታቸው በሚቀረጽበት ዕድሜ ያን ያህል ብናኝ አልማጉም። በዚያ ላይ ልጅነታቸው ትልና ኢንፌክሽን የበዛበት ዘመን ነበር፤ ያም ሰውነትን ከአለርጂ መንገድ ሳይመልሰው አልቀረም የሚሉ ብዙ ናቸው። «ሰባ ዓመት ሲሞላኝ እኔም እድናለሁ» ብሎ መጠበቅ ግን አያዋጣም። ዛሬ አርባ የሆነው ሰው ሰባ ሲገባ እንደ እሳቸው ላይሆን ይችላል።

ከቦታ ቦታ ያለውም ልዩነት ሰፊ ነው። እንደ ያማናሺ ያሉ በተራራና በሱጊ የተከበቡ ክፍለ አገሮች ከፍተኛውን ቁጥር ይይዛሉ። ወደ ምዕራብ፣ ኦሳካና ኪዮቶ አካባቢ፣ ሂኖኪው ይበረታል። ሂኖኪ የሱጊ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ኤፕሪልን አልፎ ይዘልቃል። የሁለቱ ብናኝ ስለሚመሳሰል ለአንዱ የተቆጣ ሰውነት ሌላውንም አይምርም። ባልደረባሽ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል የሚሠቃየው ለዚህ ነው። ሱጊው አስረክቦት ሂኖኪው ይቀበለዋል።

የሳፖሮዋ ልጅ ታሪኳ ሌላ ነው። ሆካይዶ ላይ ከደቡቡ ጫፍ በስተቀር ሱጊ እምብዛም የለም። እዚያ ያለው ሺራካባ የሚሉት ነጭ ግንድ ያለው በርች ነው። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን መጀመሪያ ያብባል። የበርች ብናኝ ውስጥ ያለው ዋናው ፕሮቲን ፖም፣ ኮክ፣ ቼሪና መሰል ፍሬዎች ውስጥ ካለ ፕሮቲን ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሰውነቷ ፖሙን በርች ነው ብሎ ይሳሳታል። ስለዚህ ጥሬ ፖም ስትበላ ከንፈሯን፣ ምላሷን፣ ጉሮሮዋን ያሳክካታል። ፕሮቲኑ በሙቀት ስለሚበላሽ የበሰለ ፖም ብዙ ጊዜ አይነካትም። አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ የአኩሪ አተር ወተት ላይ ትጠንቀቅ። እሱም ውስጥ ተመሳሳይ ፕሮቲን አለ። በብዛትና ቶሎ ስለሚጠጣ አንዳንድ የበርች አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ከአፍ ማሳከክ አልፎ እስከ ከባድ ሁኔታ ያደርሳቸዋል። ተመሳሳይ ታሪክ ኮቤ ላይም አለ። ከከተማዋ ጀርባ ባለው የሮኮ ተራራ የመሬት መሸርሸርን ለመከላከል የበርች ዘመድ የሆነ ዛፍ በብዛት ተተከለ። በኋላ በአካባቢው የአፍንጫ አለርጂና የፍራፍሬ አለርጂ አብረው መጡ።

ኦኪናዋ ደግሞ ሱጊ የለም ማለት ይቻላል። በማርች ብናኙን ሸሽተው እዚያ የሚከርሙ የቶኪዮ ሰዎች አሉ። ልጁ ቶኪዮ ሲገባ ልክ እንደ አንቺ እንግዳ ነበር፤ ጥቂት ጸደይ ቆየና ያዘው። ይህ ማለት ግን የኦኪናዋ ሰው አለርጂ አያውቅም ማለት አይደለም። ደሴቶቹ ሞቃትና እርጥብ ስለሆኑ የአቧራ ቅንቅን በደንብ ይራባል።

ዓመቱን ሙሉ ጠዋት የምታስነጥሰው ባልደረባሽንም የምጠረጥርላት እሱን ነው። በዓይን አይታይም። የሚመገበው ከቆዳችን የሚረግፈውን ብናኝ ነው። ፍራሽ፣ ትራስ፣ ምንጣፍ፣ ታታሚ የሚሉት የገለባ ወለል ንጣፍ፣ ለስላሳ ሶፋ ቤቱ ናቸው። 25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ሲያገኝ ይበዛል፤ ማለትም በጃፓን የዝናብ ወቅትና ሰመር። ሰው የሚያመው ግን ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። ያኔ ቅንቅኑ ሞቶ ሬሳውና ኩሱ አቧራ ሆኖ ይነሳል። አለርጂ የሚያስነሳውም በተለይ ኩሱ ነው። ድሮ የጃፓን ቤት በወረቀት በርና በእንጨት ግድግዳው ነፋስ ያስገባ ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ የአሉሚኒየም መስኮት ገባ፣ ታታሚው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ቤቱ ታፈነ። በ2019ኙ ጥናት ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው ከመቶ 24.5 ነበሩ፤ ዋናው ምክንያት ይኸው ቅንቅን ነው። ይህኛው ወጣቶች ላይ ይበረታል፣ በዕድሜ ይቀንሳል። ሁለቱንም፣ ሱጊንም ቅንቅንንም፣ የያዘ ሰው ሞልቷል።

እዚህ ላይ ማንም የማይጠረጥረውን ልንገርሽ። ኦኮኖሚያኪ ወይም ታኮያኪ የሚባሉት የጃፓን ምግቦች የሚሠሩበት፣ ቅመሙ የተደባለቀበት ዱቄት ከሱቅ ትገዣለሽ። ግማሹን ትጠቀሚና ከረጢቱን አጥፈሽ መደርደሪያ ላይ ትተዪዋለሽ። ወራት ያልፋሉ። ቅንቅኑ በስንጥቋ ይገባና ይራባል። አንድ ቀን ጋግረሽ ትበያለሽ። መጋገሩ ቅንቅኑን ቢገድልም አለርጂ የሚያስነሳውን ፕሮቲን አያጠፋም። የቅንቅን አለርጂ ያለበት ሰው ብዙም ሳይቆይ ሰውነቱ ያብጣል፣ ቆዳው ሽፍ ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ሆነው ድንገተኛ ክፍል የገቡ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች በተደጋጋሚ ተዘግበዋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ስንዴ አልስማማቸው ያለ መስሏቸው ነበር። የተከፈተ ዱቄት በደንብ ታሽጎ ፍሪጅ ይግባ። ዱቄት ዱቄት ነውና ከቤት የተላከልሽን ሽሮም እዚያው ብታደርጊው አይከፋም። ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ደግሞ 119 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ነው። «ትንሽ ልየው» የሚባልበት አይደለም።

ሻጋታም አለ። ይኸኛው አፍንጫ ላይ አይቆምም። በምዕራብና በደቡብ ጃፓን፣ በእርጥበት በበሰበሱ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ውስጥ፣ ትሪኮስፖሮን የሚባል ፈንገስ ይበቅላል። ከጁን ጀምሮ እስከ መጸው ድረስ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። በጃፓን ታዋቂ የሳንባ አለርጂ ነው፤ በአሠራሩ እንደ ሱጊው በአይጂኢ የሚመጣ አይደለም። መለያው ግልጽ ነው። ሰውየው ሆስፒታል ሲተኛ ያለ ብዙ መድኃኒት ይሻለዋል፤ ቤቱ ሲመለስ ያገረሽበታል። ቤት ውስጥ ብዙ የሚውሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። በየሰመሩ የሚመለስ ሳል ያለበት የምታውቂው ሰው ካለ የመታጠቢያ ቤቱንና የወጥ ቤቱን እንጨት ይፈትሽ።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ከሜይ እስከ ጁላይ በየወንዙ ዳር የሚበቅለው ሣር አለ። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ራግዊድና ዮሞጊ የሚባሉት አረሞች ይመጣሉ። ዮሞጊ የአሪቲያችን ዘመድ ነው። እነዚህ እንደ ሱጊ ሩቅ አይሄዱም፤ ከአረሙ ራቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በጸደይ ከጎቢና ከታክላማካን በረሃ የሚነፍሰው ቢጫ አቧራ ራሱ ብናኝ ባይሆንም የታመመውን አፍንጫና አስሙን ያባብሳል። ድመትና ውሻ የሚታወቅ ነው።

ስለ ምርመራ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ጃፓን ውስጥ በአንድ የደም ናሙና ቪው 39 የሚባል፣ 39 ነገሮችን በአንዴ የሚያይ ምርመራ አለ። ውጤቱ ከ0 እስከ 6 በደረጃ ይመጣል። ሰዎች ወረቀቱን ይዘው ይደነግጣሉ። «ለሰባት ነገር አለርጂክ ነኝ» ይሉኛል። አይደለም። ወረቀቱ የሚለው ደምሽ ውስጥ አይጂኢ ተገኘ ነው። ጃፓን ውስጥ ከጎልማሶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለሱጊ አይጂኢ አላቸው፤ ሁሉም ግን አያስነጥሱም። ደረጃ 4 ኖሮት ምንም የማይሰማው አለ። ደረጃ 2 ሆኖ ማርችን በእንባ የሚያሳልፍም አለ። ምግብ ሲሆን ይህ የባሰ ጉዳት ያመጣል። በወረቀት ብቻ ተነስቶ ስንዴውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን መተው ትርፉ መክሳት ነው። እኔ ከወረቀቱ በፊት የማምነው የቀን መቁጠሪያውን ነው። መቼ ጀመረሽ፣ የት ስትሆኚ ይብሳል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይሻልሻል ወይ? እነዚህን ስልክሽ ላይ ለሁለት ሳምንት ጻፊና ለሐኪሙ አሳዪው።

አሁን አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ጂቢካ የሚል የአፍንጫ ክሊኒክ ካትሱሺካ ውስጥ አታጪም። ለጊዜው እንቅልፍ የማያስይዝ አንቲሂስታሚን ይጀመርልሽ፤ ለምሳሌ ፌክሶፌናዲን ወይም ሎራታዲን። ከፋርማሲ ራስሽ የምትገዢው የጉንፋን መድኃኒት ብዙ ጊዜ የድሮው እንቅልፍ የሚያስይዘው ዓይነት አለበት። መኪና ወይም ማሽን ለሚነዳ ሰው አደጋ ነው። አፍንጫሽ ከተደፈነ ዋናው መድኃኒት በአፍንጫ የሚነፋው ስቴሮይድ ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ወደ ደም የሚገባው ግን በጣም ጥቂት ነው። በቀኝ እጅሽ ይዘሽ ወደ ግራው ቀዳዳ፣ በግራ እጅሽ ወደ ቀኙ ንፊው። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ መሐል ያለውን ግድግዳ አይመታም፣ የነስር ዕድሉም ይቀንሳል። ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት ቀናት ይፈልጋል። ሁለት ቀን ሞክረሽ «አልሠራም» ብለሽ እንዳትተዪው። ወዲያው አፍንጫ የሚከፍቱት ሌሎቹ ስፕሬዮች ደስ ይላሉ፤ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተጠቀምሽባቸው ግን አፍንጫሽ ያለ እነሱ አልከፈት ይላል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም አስም ካለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ።

በተረፈ ብናኝ በሚበዛበት ቀን ልብስሽን ውጭ አታስጪ። ቤት ስትገቢ ጃኬትሽን በር ላይ አራግፊ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ሱፍ ነገር ብናኝ ይይዛል፤ ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል። ቶኪዮ ላይ ብናኙ እኩለ ቀን አካባቢና ፀሐይ ስትጠልቅ ይበዛል፤ ሩጫ ከሆነ በጠዋት ይሁን። ጎረቤቶችሽ ፉቶን የሚሉትን የመኝታ ፍራሻቸውን በረንዳ ላይ ሰቅለው ሲደበድቡት ታያለሽ። በማርች ይህ ማለት ብናኙን አልጋ ውስጥ ማስገባት ነው። ቅንቅኑንም ቢሆን ዱላ አይገድለውም። የሚገድለው ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ነው፤ ሳንቲም በሚገባበት ላውንደሪ ያለው ትልቁ ማድረቂያ ይበቃል። ከዚያ በቫኪዩም ቀስ ብሎ መምጠጥ።

በየዓመቱ የሚመላለስብሽ ከሆነና እዚያ መኖርሽን የምትቀጥዪ ከሆነ ምላስ ሥር የሚቀመጠውን ሕክምና ጠይቂ። ለሱጊ በ2014 በጠብታ መልክ መጣ፣ በ2018 ክኒኑ ተከተለ። ለቅንቅንም አለ። ሰውነትን በየቀኑ በጥቂቱ ከሱጊው ጋር ያላምዳል። የመጀመሪያው መጠን ክሊኒክ ውስጥ በሐኪም ፊት ይወሰዳል፣ የቀረው ቤት ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ትዕግሥት ለሌለው አይሆንም፤ ኮንትራቱ በቅርብ ለሚያልቅ ሰውም አልመክርም። ብናኝ በሚበርበት ወቅት አይጀመርም፤ ብዙውን ጊዜ ከጁን እስከ ዲሴምበር ነው የሚጀመረው። ሌላው ሁሉ አልሆን ላለው ከባድ ሕመምተኛ ኦማሊዙማብ የሚባል መርፌ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ለሱጊ ተፈቅዷል። ዋጋው ይከብዳል።

መንግሥትም ዛፉን ሊነካ ነው። በ2023 የወጣው ዕቅድ በአሥር ዓመት ውስጥ የተተከለውን የሱጊ ጫካ በሃያ በመቶ ገደማ መቀነስ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደግሞ ብናኙን በግማሽ ማውረድ ነው። የተቆረጠው ቦታ ላይ ብናኝ የማያበዛ ችግኝ ይተከላል። ጥሩ ነው። ለሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ግን አይደርስልሽም።

አገርሽ ብትገቢ? ሱጊው አገር ቤት ስለሌለ ፌብሩዋሪሽ ሰላም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አይጂኢው ግን ወዲያው አይጠፋም፤ ከዓመታት በኋላ በጸደይ ለጉብኝት ብትመለሺ ሊነሳብሽ ይችላል። ጽድና የፈረንጅ ጽድ የሱጊ ወገን ስለሆኑ፣ በዚህ ወገን ውስጥ ያሉ ዛፎች ብናኝም ስለሚመሳሰል፣ እነሱ በሚያብቡበት ጊዜ አፍንጫሽ ትንሽ ሊያውቃቸው ይችላል። የቅንቅን አለርጂ ካለብሽ ደግሞ አብሮሽ ይሄዳል፤ ቅንቅን አገር ቤትም አለ። ስለዚህ ከመመለስሽ በፊት ሁለቱን የሚለይ ምርመራ እዚያው አድርጊ። ውጤቱን በእንግሊዝኛ ጭምር አጽፈሽ ያዢ፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያይሽ ሐኪም ጃፓንኛ አያነብም።